ሠራተኛው ተዘናግቶ ነው? ሽፋኑን ማን ፈታው?

ሰሞኑን አንድ የአሠሪዎች ተወካይ ስለ ሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የተናገሩት ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ሠራተኛው ራሱ ተዘናግቶ ለደረሰበት ጉዳት ድርጅት መጠየቅ የለበትም ባይ ናቸው። በዚህም አላበቁም። ካሳው ዳጎስ ካለ ሆን ብሎ ራሱን የሚጎዳው ይበዛል ሲሉ አከሉበት።

ከኋለኛው እንጀምር። ለካሳ ብሎ ጣቱን ማሽን ውስጥ የሚከት ማነው? ካሳ እኮ ሎተሪ አይደለም። በአብዛኛው አገር የሚከፈለው ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ቢሠራ ከሚያገኘው ያነሰ ነው። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ደግሞ ድሮም በሕግ አያገኝም። እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራው እጁ የተቆረጠውን ሰው አጭበርባሪ ለማስመሰል ካልሆነ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ዋናዋ ግን «ተዘናግቶ ነው» የምትለዋ ነች።

አንድ ቆርቆሮ የሚቆርጥ ማሽን እንይ። ምላጩ ፊት መከላከያ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ካልተዘጋ ማሽኑ እንዳይነሳ የምታደርግ ትንሽ ማብሪያም ጎኑ ላይ አለች። ቆርቆሮው በተቀረቀረ ቁጥር ማሽኑን ማጥፋት፣ ሽፋኑን መክፈት፣ የተቀረቀረውን ማውጣት፣ መልሶ መዝጋት ነው። ጊዜ ይበላል። የቀኑ ኮታ ግን ያንን ጊዜ አልቆጠረውም። ስለዚህ አንድ ቀን ማብሪያዋ በፕላስተር ትታሰራለች። ሽፋኑም ተፈትቶ ግድግዳ ጥግ ይደገፋል። ፎርማኑ ያየዋል። የምርት ኃላፊውም ያየዋል። ምርት ስለጨመረ ማንም ትንፍሽ አይልም። ለወራት እንዲሁ ይሠራል። ከዚያ በሌሊት ፈረቃ፣ ሰዉ በደከመበት ሰዓት፣ አንድ እጅ ይገባል። በማግስቱ ቅጽ ይሞላል። የአደጋው መንስኤ? የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት።

እጁን ያስገባው እሱ ነው፤ ማን ካደ? ኮታውን ያወጣው ግን ማነው? ፈረቃውን ያስረዘመው፣ ጥገናውን ለሚቀጥለው ወር ያሳለፈው፣ ተፈትቶ የተቀመጠውን ሽፋን እያየ ያለፈውስ? ሰው ይደክመዋል፣ ይዘናጋል። ይህን ማሽኑን የሠራው መሐንዲስ እንኳ ያውቃል፤ ሽፋኑን የገጠመው ለዚያ ነው። የማይዘናጋ ሠራተኛ ቢኖርማ ሽፋን ምን ያደርጋል? ሽፋኑን አስፈትቶ ሲያበቃ «ለምን ተዘናጋህ» ብሎ የሚጠይቅ አሠሪ ድፍረቱ ይገርመኛል።

እምቢ ማለት ይችል ነበር የሚሉም አሉ። ይቺ እንኳን ያረጀች ነች። እ.ኤ.አ. በ1837 እንግሊዝ አገር፣ ከመጠን በላይ የተጫነ ጋሪ ተሰብሮ ጭኑ የተሰበረበት የአንድ ሥጋ ሻጭ አገልጋይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ጁሪው፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች፣ 100 ፓውንድ ፈረዱለት። ዳኛው ሎርድ አቢንገር ግን ሻሩት። ጋሪው ጭነቱን ይችል እንደሆን አገልጋዩ ከጌታው እኩል፣ ምናልባትም በተሻለ ያውቅ ነበር፤ ካልፈለገ መተው ይችል ነበር አሉ። በ1842 ደግሞ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሌላ ሠራተኛ ስህተት ቀኝ እጁን ያጣ የባቡር ነጂ ባዶ እጁን ተመለሰ። የአደጋው ዋጋ ደመወዝህ ውስጥ ታስቧል ነበር የተባለው። የእኚህ ተወካይ ሐሳብ ከዚያ ዘመን አልወጣም።

ሌላው ዓለም ግን ወጥቷል። ጀርመን በ1884 «ጥፋቱ የማን ነው» የሚለውን ሙግት ትታ አሠሪዎች የሚያዋጡበት የአደጋ ኢንሹራንስ ዘረጋች። ሕጉን ያወጡት የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ መቼም በሶሻሊስትነት አይታሙም። እንግሊዝም በ1897 ተከተለች። የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1911 ያላጠፋ አሠሪ እንዴት ይከፍላል ብሎ የካሳ ሕጉን ሻረው። በነጋታው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የትሪያንግል ልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። እነሱም ተዘናግተው ይሆን?

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግምት ደግሞ በሥራ አደጋና ሥራ በሚያመጣው በሽታ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል ይላል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው ብሎ የሚያምን ካለ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ጠጥቶ ሥራ የሚገባ የለም አልልም። አለ። እሱን ግን አሠሪው ያስረዳ፤ የተጎዳው ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ንጽሕናውን እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም።

ወጪውን አንችለውም የሚለው ነው የቀረው። ወጪው እኮ ዛሬም አለ። የሚከፍሉት እጁን ያጣው ሰው፣ የምታስታምመው ሚስቱና ትምህርቷን ያቋረጠች ልጁ ናቸው። ወደ ድርጅቱ ይዙር ነው የምንለው። ለዚህ ደግሞ ኢንሹራንስ አለ። አደጋ የበዛበት ድርጅት አረቦኑ ይጨምርበት፤ ያኔ ፎርማኑ ማንም ሳይነግረው ሽፋኑን ከግድግዳው ጥግ አንስቶ ራሱ ይገጥመዋል።