ማስተካከያ፦ የኮምቦልቻው ቶርኖ ድራይቭ ጤነኛ ነው

ባለፈው ስለ ኮምቦልቻው ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ስጽፍ፣ ብረት መቁረጥ ሲጀምር የሚቆመው ድራይቩ (ነጠላ ፌዙን ወደ ሦስት ፌዝ ቀይሮ ለሞተሩ የሚሰጠው መሣሪያ) አቅም ስላነሰው ነው፣ ተለቅ ያለ ይገዛ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ወንድሜ፣ ገና ካልገዛህ ብርህን ያዝ።

ትናንት ከደሴ ወርጄ የሞተሩን የገመድ ሳጥን በካቻቢቴ ከፈትኩት። የነሐስ ቁራጮቹ ሦስቱን ተርሚናሎች አግድም አያይዘዋቸዋል፤ ስታር ነው ማለት ነው፣ የሦስቱ ጥቅልሎች አንድ አንድ ጫፍ አንድ ላይ የታሰረበት አያያዝ። የሞተሩ ታርጋ ላይ ደግሞ ለዴልታ (ጥቅልሎቹ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ቀለበት ሲሠሩ) 220፣ ለስታር 380 ቮልት ይላል። ይሄ ድራይቭ የሚገባለት ነጠላ ፌዝ 220 ነው፣ የሚያወጣው ሦስት ፌዝም ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ በስታር እያንዳንዱ ጥቅልል የሚደርሰው 127 ቮልት ገደማ ብቻ ነው፣ የሞተሩ ጉልበትም ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ባዶውን ሲዞር ደህና ይመስላል፣ ቢላው ብረቱን ሲነክስ ግን ይዝላል፣ አምፔሩ ይወጣል፣ ድራይቩም ራሱን ለማዳን ያጠፋል። እኛ ደግሞ እሱን እንወቅሳለን! ቁራጮቹን ወደ ቁመት አዙረን ዴልታ አደረግነው፣ ድራይቩ ላይ የሚሞላውን የሞተር አምፔርም ታርጋው ለ220 በሚለው ቁጥር ቀየርን። አሁን ሳያንገራግር ይቆርጣል።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። «አጥፍተህ ወዲያው የድራይቩን ክዳን ክፈት» ብዬ ነበር፤ እንዳታደርጉት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) መብራቱ ከጠፋ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዘው ይቆያሉ። አቦሉን ጠጡና ቶናው እስኪደርስ ጠብቁ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ፣ ከዚያም ሳትነኩ በፊት ፕላስና ማይነሱን በቴስተር ለኩ።