ስልኬን አጥቤ ልሂድ እንዴ?

ጉድ እኮ ነው! አዲስ አበባ ቤተሰብ ልጠይቅ ስል፣ ከትኬቱ ዋጋ በላይ ወደ አሜሪካ መመለሻው ያስጨንቀኝ ጀመር። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዤ! ዘመዱ ሁሉ "ቴሌግራሙን አጥፊ፣ ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽውን ሰርዢ" ይለኛል። ምን አጠፋሁ?

ሕጉ ዜጋን አትገቢም ማለት አይፈቅድም፤ እሱን አውቃለሁ። ስልክን ግን ድንበር ላይ የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳይዙ ይፈትሻሉ። መክፈቻ ቁጥሩን አልሰጥም ካልሽ፣ አንቺን ሸኝተው ስልኩን ሊያስቀሩት ይችላሉ። እርግጥ በእ.ኤ.አ. 2024 የበጀት ዓመት የተፈተሸው 47 ሺህ ገደማ መሣሪያ ነው፤ ከ400 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ መሃል ኢምንት። ይህንን ለእናቴ አስረዱልኝ እስቲ!

ግሪን ካርድ የያዙትማ ይብስባቸዋል። ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየ እንደ አዲስ ገቢ ሊታይ ይችላል። ጎረቤቴ የአባቷ አርባ ላይ ሳትገኝ ቀረች፤ "ወረቀት አስፈርመው ካርዴን ቢነጥቁኝስ?" ብላ። አይ-407 የሚባለው ቅጽ ነው፤ ካርዱን በፈቃዴ መለስኩ የሚያሰኝ። አልፈርምም፣ ዳኛ ፊት ልቅረብ ማለት መብት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲበር ያደረ ሰው፣ ከፊቱ ባለመሣሪያ ቆሞበት፣ የትኛውን መብቱን ያስታውሳል?