ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጦ፣ ግማሹ አሊና ታይሰንን ሲጠብቅ

ያ ጀማዓ፣ ዛሬ ይህን ብሶቴን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ልጁ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ እናቱም ቡና ሲፈላ ሳትጠራኝ ቀርታ አታውቅም። እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ አፉ ነው። ፀጉር ለመቆረጥ ሃያ ደቂቃ ይበቃል አይደል? እኔ ከዚያ ቤት ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ወጥቼ አላውቅም። ሁልጊዜ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያቺን ጥያቄ ጣል ያደርጋታል።

"ለመሆኑ ሙሐመድ አሊና ማይክ ታይሰን በቦክስ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?"

አለቀ። ማሽኑ ይጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ለፀጉር ገባሁ። በማግስቱ ኮምቦልቻ የእህቴ ሠርግ ነው። ግራው ጎኔ አልቆ ቀኙ ሳይጀመር ጥያቄዋ መጣች። ፀጉር ቆራጬ የታይሰን ወገን ነው። ጎንበስ ይላል፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ታይሰን በባላጋራው ክንድ ሥር እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ ያሳያል። ባላጋራው እኔ ነኝ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ ታስሮ። "91 ሰከንድ!" ይላል። "ስፒንክስን፣ በ1988፣ በ91 ሰከንድ!" (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እነሱም እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው።) አልዋሸም። ስፒንክስ እስከዚያ ቀን ተሸንፎ አያውቅም ነበር። ታይሰንም ገና በ20 ዓመቱ በርቢክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ የከባድ ሚዛን ቀበቶ የታጠቀ ልጅ ነው።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አባባ ግን የአሊ ናቸው። በእሳቸው እድሜ ሆኖ የአሊ ያልሆነ የወሎ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስሙ ራሱ የቤት ስም ነው። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና "እናንተ ልጆች" አሉ፤ "ጃንሆይ ከወረዱ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ኪንሻሳ ላይ ያን ግንድ የሚያህል ፎርማንን የጣለው ያኔ ነው።" እሳቸውም አልዋሹም። ጥቅምት 1974። ፎርማን 40 ጊዜ ገጥሞ 40ውንም ያሸነፈ ሰው ነበር። አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ አስመታው፣ አስደከመው፣ በስምንተኛው ዙር ዘረረው።

ጥግ ላይ ስልኩ ላይ ያፈጠጠ ጎረምሳ ቀና አለ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኛ ዘመኑ ፊዩሪ ሁለቱንም ይበላቸዋል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ነው።"

ልብ በሉ፣ ቀኝ ጎኔ አሁንም ጫካ ነው።

ማንም ማንን ይደግፍ፣ ግድ የለኝም። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ሰዓት ሙሉ ይጯጯሃሉ፣ ግን የትኛው አሊ እንደሆነ አንድም ሰው አይጠይቅም! የ1966ቱ፣ እግሩ መሬት የማይነካው? የ1974ቱ፣ ገመድ ላይ ተደግፎ በብልሃት የሚያሸንፈው? ወይስ የ1980ው፣ ሆምስ ሲቀጠቅጠው የራሱ አሠልጣኝ ያስቆመለት? ሦስቱም አሊ ናቸው። ሦስቱን እርስ በርስ ብታጋጥሟቸው ራሱ አንዱ ሌላውን ያሸንፋል። ታይሰንስ? የ1988ቱ ነው ወይስ በ1990 ቶኪዮ ላይ ማንም ባልጠበቀው ዳግላስ ተዘርሮ፣ የአፍ መከላከያውን መሬት ላይ ሲፈልግ የታየው? "የጆሮ ነካሹን ነው የምትሉኝ?" አሉ አባባ። ታይሰን የሆሊፊልድን ጆሮ መንከሱን ማንሳታቸው ነው። ልጁ ተናደደ። ሲናደድ ደግሞ ጭራሽ አይቆርጥም።

ከዚያ ሂሳቡን አመጣው። በርቢክ በ1981 አሊን አሸነፈ። ታይሰን በ1986 በርቢክን ዘረረ። ስለዚህ ታይሰን አሊን ይዘርራል። ጨረሰ! በርቢክ ሲያሸንፈው ግን አሊ 40 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር የቀረው፣ እጁም ምላሱም የከበደ ሰው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሪንግ ላይ አልወጣም።

ይህ ሂሳብ እንደማይሠራ ማወቅ የፈለገ አሊን ራሱን ይመልከት። በ1971 ፍሬዚየር አሊን በነጥብ አሸነፈው። በ1973 ፎርማን ያንን ፍሬዚየርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። በልጁ ሂሳብ ፎርማን አሊን ቁርስ ሊያደርገው ይገባ ነበር። የሆነው ኪንሻሳ ነው። ሦስቱም በአንድ ዘመን የኖሩ፣ በአንድ ሕግ የተጋጠሙ ናቸው። እነሱ መሃል እንኳ እንዲህ ከዞረ፣ ሃያ ዓመትና ሃምሳ ዓመት የሚራራቁትን ማን ነው በፀጉር ቤት የሚያስማማቸው?

ሕጉንም ማንም አያነሳም። የድሮው ሻምፒዮን ማርሲያኖ 49 ጊዜ አሸንፎ አንዴም ሳይሸነፍ፣ 49 ለ0 ብሎ ነው ጓንት የሰቀለው፣ አይደል? በ1952 ቀበቶውን ከዋልኮት ሲቀማ ግን በነጥብ እየተመራ ነበር። በ13ኛው ዙር አንድ ቀኝ አሳረፈ፣ ዋልኮት ተዝለፈለፈ። ዛሬ ደግሞ የሻምፒዮና ግጥሚያ 12 ዙር ነው። በ1982 አንድ ደቡብ ኮሪያዊ ቦክሰኛ በ14ኛው ዙር ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው ከ15 የተቀነሰው። እንግዲህ አስቡት። በዛሬ ሕግ ያ ግጥሚያ ቢካሄድ ዳኞቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ዋልኮትን አሸናፊ ይሉት ነበር። 49 ለ0 የሚባል ነገር አይኖርም። ዴምፕሲም በ1919 ያን ግዙፉን ዊላርድን በአንደኛው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ሲጥለው፣ በወደቀ ቁጥር አጠገቡ ቆሞ እስኪነሳ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ዳኛው ጥግህን ያዝ ብሎ ያባርረዋል።

የፊዩሪን ልጅ ይህንኑ ልነግረው ሞከርኩ። ትንሹ ትልቁን ሲጥል ይህ የመጀመሪያው አይደለም አልኩት። ደግሞስ ያን 2 ሜትር ከ6 በብዙ ኪሎ የሚያንሰው ኡሲክ በ2024 ሁለት ጊዜ አላሸነፈውም?

"ዳኞቹ ናቸው" አለኝ።

ሁለቴም?

"ሁለቴም።"

ከዚያ ስልኩን አዞረልኝ። በጌም አጋጥሟቸዋል። ፊዩሪ በአምስተኛው ዙር። ኮምፒውተር አይዋሽም አለ። እዚህ ላይ ነው የተበሳጨሁት። ይህ ቀልድ በዕድሜ ከእናቱም ሳይበልጥ አይቀርም! ጡረታ የወጣውን ማርሲያኖንና ከቦክስ የታገደውን አሊን በ1969 አንድ ክፍል አስገብተው፣ እየተማቱ ቀረጿቸው። ማርሲያኖ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቶ ነበር። (እኔም ያን ቀን አንድ ባገኝ አልጠላም ነበር።) አሸናፊውን ኮምፒውተር ይወስነዋል ተባለ። ፊልሙ በጥር 1970 አሜሪካ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። አውሮፓ ላይ ለታየው ደግሞ አሊ ያሸነፈበትን መጨረሻ ቀጠሉበት። ማርሲያኖ አንዱንም አላየም፤ ፊልሙ ሳይወጣ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እንግዲህ ያ የማይዋሽ ኮምፒውተር ለየአገሩ ደስ የሚለውን እየነገረ ገንዘቡን ሰበሰበ።

እኛ የወሎ ሰዎች እኮ ይህን ለመረዳት የምንቸገር አልነበርንም። አምባሰልና ባቲ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል ብሎ የሚጠይቅ አለ? እንዲህ ያለውን ሰው ውሃ አጠጥተን፣ ጥላ ሥር አስቀምጠን፣ ቤተሰቡን ነው የምናስጠራለት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ወገን አለኝ። የ1966ቱን አሊ ታይሰንም ፊዩሪም አይነኩትም። ግን ይህን ጮክ ብዬ አልልም። የታይሰን ደጋፊ ምላጭ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል።

በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

"አብሽር" አለኝ። አብሽር! ቀኝ ጎኔ አንድ ጣት አድጎ፣ ግራው ተመልጦ፣ ነገ ሠርግ ሆኖ፣ አብሽር! ክርክሩ መብራት አይፈልግምና ቀጠለ። አባባ ኪንሻሳን ከመጀመሪያው ዙር ጀመሩ። ጎረምሳው ባትሪው እስኪያልቅ ማጋጠሙን አላቆመም። ሌሎች ሁለት ሰዎች ከመንገድ ገብተው ያለፀጉር ጉዳይ ተቀመጡ። አንዱ ጆ ሉዊስ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠብቋል፣ እሱን ለምን ረሳችሁት ብሎ አዲስ እሳት ጫረ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። መብራቱ አልመጣም። በመጨረሻ አንዱ የስልክ መብራት ይዞልን ልጁ በመቀስና በምላጭ ጀመረ። ጥሩ እየሄደ ነበር። ቀኜ መልክ ያዘ። ከዚያ ያ ጆ ሉዊስ ያለው ሰውዬ፣ ከበሩ ሆኖ፣ "ታይሰን ግን ግራ እጁ ያን ያህል ነበር?" አለ።

ልጁ ዞረ። ሊያሳየው። ምላጩን እንደያዘ።

ትናንት የሠርጉ ፎቶ ደረሰን። ሁሉም ሰው ካሜራውን ያያል። እኔ ብቻ አንገቴን ወደ ቀኝ ሰብሬ ቆሜያለሁ፣ ጆሮዬ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ብዙ አየችው።

"ልጄ፣ ጆሮህን ምን ነካህ?"

"ታይሰን" አልኳት።