ላሚቱ ምን ትብላ?

ሱሉልታ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች ሻይ ቤት የሰማሁት ክርክር ነው። አንደኛው ተከራካሪ ዕድሜያቸውን በግብርና ባለሙያነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ የተዳቀሉ ላሞች አሏት፤ በየቀኑ ለወተት ሰብሳቢ ታስረክባለች። ሦስተኛው ወጣት ደላላ ነው፤ መሬት ያገናኛል።

ነገሩን የለኮሰው ደላላው ነው። "ዕቅድ ይወጣል፣ ዕቅድ ይታደሳል። የወተት ዋጋ ግን በየጊዜው ይጨምራል" አለ።

ጡረተኛው አልወደዱለትም። "ልጄ፣ ያለ ዕቅድማ አገር አይመራም። ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የ10 ዓመት መሪ ዕቅድ ግብርናን ከፊት ነው ያስቀመጠው። በ2015 ደግሞ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር መጣ። ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ማር! ድሮ ወሬው ሁሉ እህል ብቻ ነበር። ዋናው ዝርያ ነው። ያገራችን ላም በቀን ሁለት ሊትር ከሰጠች ጥሩ ነው። የተዳቀለችዋ አሥርም ከዚያም በላይ ትታለባለች።"

"ከበላች ነዋ፣ ጋሼ" አለች ባለ ላሟ።

ከዚያ በኋላ ያቋረጣት የለም። አባቷ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን አሳጭደው ድርቆሽ ይከምሩ እንደነበር ነገረችን። ዛሬ ያ ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሯል። ድርቆሹን ከሩቅ በአይሱዙ ታስጭናለች። ፉርሽካውን ከዱቄት ፋብሪካ፣ ፋጉሎውን፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ቂጣ፣ ከዘይት መጭመቂያ ትገዛለች። የሁሉም ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ የተዳቀለች ላም ደግሞ በሣር ብቻ አትታለብም።

ከፌስታሏ አንድ ቁራሽ ፋጉሎ አወጣች። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ነው። ሰብራ ለጡረተኛው ሰጠቻቸው። ከውስጥ ነጣ ያለ ነገር ታየ። "እስቲ ያሽትቱት። ሻግቷል። በስንት ልመና ያገኘሁት ነው እንግዲህ።"

አሽተው ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄማ አደገኛ ነው" አሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የወተት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ መገኘቱን፣ አንዱ ዋና ምንጭም ፋጉሎ መሆኑን አስረዱን። ላሟ የበላችው መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል። ወተቱ ደግሞ ለሕፃናት ነው የሚሰጠው።

ደላላው ግን አልተረታም። "እትዬ፣ ቤት ፈላጊው ስንት ነው? መሬቱ ላይ ሣር ይብቀልበት ልትይ ነው? ላሞቹ ራቅ ይበሉና ወተቱ በመኪና ይምጣ።"

"ወተት ድንጋይ አይደለም" አለችው። "መብራት ከጠፋ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይበላሻል። ጾሙንስ ረሳኸው? በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሰብሳቢው 'ዛሬ አልቀበልም' ይለኛል። እኔ እጾማለሁ፤ ላሟ ግን አትጾምም። ቅቤ አወጣለሁ፣ የተረፈው ይደፋል። ከሱቅ የምትገዛው የዱቄት ወተት ግን ከውጭ ነው የሚመጣው።"

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ደላላው ቤት ያስፈልጋል ማለቱ ልክ ነው፤ ዘንድሮ ተከራይ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ጡረተኛውም ስለ ዝርያ ያሉት እውነት ነው። ግን ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር አዲስ አበባን ወደከበበችው ሸገር ከተማ የተጠቃለለችው በዚያው በ2015 ዓ.ም. ነው። አንዱ ዕቅድ ወተት ይላል። ሌላው ከተማ ይላል። ሜዳው ግን ያው አንዱ ሜዳ ነው። የድርቆሹ መሬት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም፤ ዕድሜያቸውን በግብርና ያሳለፉትም ጭምር።

የዘይቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፓልም ዘይት ከውጭ ስናስገባ ዘይቱ ብቻ ነው የሚመጣው። ኑጉ እዚሁ ሲጨመቅ ግን ፋጉሎው ለላም ይተርፋል። ስንዴውም እዚሁ ሲፈጭ ፉርሽካው ይቀራል። ስለዚህ የዘይት ፋብሪካ ዕቅድ የወተት ዕቅድም ነው። በየቢሮው ተለያይተው ሲታቀዱ መሀል ላይ የምትራበው ላሚቱ ናት፤ ሻጋታውን የሚጠጣውም ልጃችን ነው።

በከተማው ፕላን ላይ መንገድና ትምህርት ቤት ቦታ እንደሚከለልላቸው ሁሉ፣ ለግጦሽና ለድርቆሽም ቦታ ይከለል። ፋጉሎ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይመርመር። የጾም ወቅቱን ወተት ወደ ዱቄት የሚለውጥ ፋብሪካ እዚሁ፣ አርቢዎቹ አጠገብ ይቁም። የ10 ዓመቱ ዕቅድ በ2022 ያልቃል። ቀጣዩ ሲወጣ ስንት ሊትር እንደሚል ከማየቴ በፊት ስለ መኖ የተጻፈውን ፈልጌ አነባለሁ።