ሕጉ ያው፣ ዳኛው ያው፣ ድምፁ ግን ሌላ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የቴክሳስ ሕግ ሻረ። ሕጉ ጽንስ የሚያቋርጥ ሐኪም በ30 ማይል ርቀት ውስጥ ባለ ሆስፒታል ሕሙማንን የማስተኛት ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ከሉዊዚያና የዚያው ግልባጭ የሚባል ሕግ ቀረበ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በ2016 በልዩነት ከቆሙት ሦስት ዳኞች አንዱ ነበሩ፤ በ2020 ግን ይሻር ካሉት ጋር ቆሙና ሕጉ 5 ለ4 ወደቀ። ሐሳባቸውን አልለወጡም። የፊተኛው ውሳኔ ስሕተት ነው ብለው እንደሚያምኑ በጽሑፍ አስፍረዋል፤ ሆኖም አንዴ ስለተወሰነ ተመሳሳዩ ጉዳይ በተመሳሳይ መንገድ ይዳኝ አሉ።

እኔ በበኩሌ ቀዳሚ ውሳኔን ማክበር የምለው ይህንን ነው። የወደዱትን ውሳኔ መከተልማ ማንንም አያስቸግርም።

ችግሩ ይህ ጠባይ በዚያ ችሎት ብርቅ መሆኑ ነው። በ1973 የጽንስ ማቋረጥን መብት በሕገ መንግሥት ያጸናው የሮ ቪ ዌድ ውሳኔ በ1992 በኬሲ ጉዳይ ዳግም ጸና ተብሎ ይነገራል። አዎን፣ እምብርቱ ተርፏል። እርግዝናን በሦስት ሦስት ወር የከፈለው አሠራር ግን ተጥሎ «ያልተገባ ጫና» የሚል አዲስ መለኪያ ተተካ። አክባሪዎቹም ቢሆኑ የሚያከብሩትን መርጠዋል።

ሰኔ 2022፣ የሚሲሲፒ ግዛት ጽንስ ማቋረጥን ከ15 ሳምንት በኋላ በከለከለበት ሕግ ላይ በተነሣው በዶብስ ጉዳይ ሁለቱም ተሻሩ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ፣ በ1896 የዘር መለያየትን የፈቀደው ውሳኔ በ1954 ባይሻር ኖሮ ምን ይበጅ ነበር ብለው ይሞግታሉ። ሙግቱ ቀላል አይደለም፤ የማይሻር ስሕተት ይኑር የሚል የለም። እኔን ያላሳመነኝ ሌላው ነጥብ ነው። ሰዎች በአንድ ውሳኔ ተማምነው ያደራጁት ነገር ካለ፣ ውሳኔው በቀላሉ አይነካም። የኬሲ ዳኞች ሴቶች ትምህርታቸውንና ሥራቸውን፣ ትዳራቸውንም በዚህ መብት ላይ ተመሥርተው አቅደዋል ብለው ነበር። ዶብስ ይህን ረቂቅ ነው ብሎ አለፈው፤ የሚጨበጠው እንደ ንብረትና ውል ያለው ነው አለ። በዚህ ስሌት የመሬት ገዢ ውል ይቆጠራል፤ መቼ እንደምትወልድ ወስና የሕክምና ትምህርት የጀመረች ሴት ዕቅድ አይቆጠርም። ለምን? ውሉ ወረቀት ስላለው ካልሆነ በቀር፣ መልሱን አጥቻለሁ።

ጽንስ ማቋረጥ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ነገር ግን ከ2020 እስከ 2022 የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አልተነካም። የሉዊዚያናውን ሕግ ከሻሩት ዳኞች አንዷ ሩት ባደር ጊንስበርግ ሞቱ፤ በኋላ ሮን ከሻሩት አንዷ የሆኑት ኤሚ ኮኒ ባሬት በቦታቸው ተቀመጡ። ሮበርትስ የሚሲሲፒው የ15 ሳምንት ገደብ ይጽና፣ ሮ ግን እዚህ ላይ አይሻር የሚል መካከለኛ መንገድ አቀረቡ፤ አንድም ዳኛ አልተከተላቸውም።

አሊቶ ይህ ውሳኔ ጽንስ ማቋረጥን ከማይመለከቱ ቀዳሚ ውሳኔዎች ጋር አይነካካም ሲሉ ቃል ሰጥተዋል። በዚያው መዝገብ፣ በተለየ ጽሑፋቸው፣ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ የወሊድ መከላከያና የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ውሳኔዎችም እንደገና ይመርመሩ ብለዋል።