«112ም ያው ቲቪ ነው!»

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፏል። ጫማዬን አላወለቅኩም፣ እራቴንም አልጨረስኩም። ይህን ሳልጽፍ ብጋደም ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም።

112 ቲቪ በኔትወርክ ያገናኘሁበት ሆቴል ነው። ሦስት ወር ሙሉ ከልደት፣ ከሠርግ፣ ከለቅሶ ያስቀረኝ። ስሙን አልጠራም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ማታ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አለ። 4ኛ ፎቅ ላይ ያለው ባር 9 ስክሪን አለው፣ ሰው ጢም ብሎበታል። ጨዋታው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሣ። አምፖሉ በራ፣ ፍሪጁ ሠራ፣ ሙዚቃው ተመለሰ። 9ኙ ስክሪኖች ግን «ሰርቨሩን ማግኘት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ አውጥተው ደረቁ።

እናቴ ቤት እራት ላይ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «የሠራሽው ነገር ተበላሽቷል፣ አሁኑኑ ነይ!» እናቴ «ሁለት ጉርሻ እንኳን ብትበዪ» እያለች ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ኮንትራት ታክሲ፣ በራሴ ብር። የታክሲ ብር ከፍለውኝ አያውቁም።

ሊፍቱ ተከፈተ፣ ባሩ ውስጥ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ «ይቺ ናት የገጠመችው!» አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ አየኝ። አንዱ ማልያ የለበሰ «እህቴ፣ የሪሞቱ ባትሪ አልቆ እንዳይሆን» አለ። ባሩ በሳቅ ተናወጠ። ቆሜ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ባለቤቱ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ቤት ሦስት ቲቪ አለ። ሲጠፋ አበራዋለሁ። አንድ ቀን ኢንጂነር ጠርቼ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ እዚህ ያለው 112 ነው።»

«112ም ያው ቲቪ ነው!»

አሁንም ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። 112ም ያው ቲቪ ነው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? «የእህቴ ልጅ ቢሆን በግማሽ ሰዓት ይጨርሰው ነበር» አሉ። ይህን የእህታቸውን ልጅ ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ያው ቲቪ አይደለም ጋሼ። እናንተም ስሙኝ፣ ለእሳቸው መናገር ስላልቻልኩ ለእናንተ እናገራለሁ። ምድር ቤት ውስጥ ራክ፣ የዕቃ መደርደሪያ ብረት፣ አለ። ራኩ ላይ 12 ዲኮደር ተደርድሯል። ከየዲኮደሩ የሚወጣው ምስል በኔትወርክ እንዲሄድ አድርጎ የሚቀይረው ኢንኮደር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኔትወርክ ገመድ ወደ 9 ፎቅ ይሰራጫል። ይህን ሁሉ የሚያዘው ኮንትሮለሩ ነው። ሪሴፕሽን የተቀመጠች ልጅ በአንድ ገጽ ላይ 112ቱንም ታያለች። የበራው አረንጓዴ፣ የጠፋው ቀይ ነው። እንግዳ ሲወጣ የክፍሉን ቲቪ ታጠፋለች። ሌሊት ድምፁ ከልክ በላይ እንዳይጮኽ ትገድበዋለች። ይህ እንዲሆን እያንዳንዱ ቲቪ የራሱ አድራሻ ሊኖረው ግድ ነው። የማይቀየር፣ ከሌላው ጋር የማይጋጭ አድራሻ። የቤት ቁጥር በሉት።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ባለቤቱ «አንድ ትልቅ ሪሞት ብትገዢስ?» ብለውኝ ነበር። በትሕትና አስረዳሁ። የሪሞት ጨረር ግድግዳ አያልፍም፤ ለዚያውም በአንድ ሞዴል ሪሞት አንዱን ስታበራ ጎኑ ያለው ይጠፋል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በዚያው ቀን ከኋላዬ የገባውን ረዳቴን ጨብጦ «እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር» አለው። እኔን አልፎ። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነው፣ ደነገጠ። «ኢንጂነሯ እሷ ናት» ሲለው ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ባለሙያው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር» አለ። ያን ቀን ዋጥኩት። ዛሬ ነው የወጣው።

ቲቪዎቹ ግድግዳ ላይ ከመሰቀላቸው በፊት ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር ልመዝግብ ብዬ ለመንኩ። አድራሻ የምሰጣቸው በዚያ ቁጥር ነው፣ 12 ፊደልና አኃዝ ነው። «እሺ» ተባልኩ። በማግስቱ ስመጣ 112ቱም ተሰቅለዋል። ሌሊቱን ሰቅለው አደሩ! እኔና ረዳቴ መሰላል ተሸክመን ክፍል ለክፍል እየዞርን አወረድናቸው። ለዚያውም አንድ ቲቪ ሁለት ቁጥር አለው፣ አንዱ የገመድ፣ አንዱ የዋይፋይ። አንዱን በሌላው ካሳሳትክ ቲቪው አድራሻውን አያገኝም። ይህን የምሠራው እንግዳ ተኝቶ፣ በእጅ ባትሪ ነው።

ገመዱንማ ባላነሳው ይሻል ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የኔትወርኩን ገመድ ከመብራቱ ጋር በአንድ ቱቦ አስገብቶታል። «ገመድ ገመድ ነው» አለኝ። መዳብ ነው ተብሎ የተገዛው ካት 6 የኔትወርክ ገመድ ደግሞ ስልጠው ውስጡ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል። አንዱም ጫፍ ላይ ምልክት የለም፤ የትኛው ገመድ የየትኛው ክፍል እንደሆነ አንድ በአንድ እየፈለግን ሁለት ቀን ፈጀብን።

የ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ሦስት ሌሊት ያለቀሰችበት እኮ እኔ ነኝ። ቲቪው ይከፈታል፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። ልክ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሲሆን ቀጥ ይላል። ቻናል ስትቀይር ይመለሳል። እንደገና 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ። የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ «ቻናል እየቀየራችሁ እዩ» ብለው ለእንግዶች መምከር ጀምረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊቹ፣ የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሣጥን፣ አንድን ቻናል የሚልከው ለሚፈልገው ቲቪ ብቻ ነው። ለዚያ ግን በየጊዜው «ይህን የሚፈልግ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ዕቃ ኔትወርኩ ላይ መኖር አለበት። ቡና ስታፈላ «ቶና የሚጠጣ አለ?» ብላ እንደምትጠይቅ ሴት። ጠያቂ ከሌለ ስዊቹ ጊዜ ይቆጥራል። ከፋብሪካ በመጣበት ቁጥር ጥያቄው በየ125 ሰከንዱ ነው። ሁለት ጥያቄ ካለፈው፣ መልስ መጠበቂያ 10 ሰከንድ ተጨምሮ፣ 260 ሰከንድ ላይ «ሰው የለም» ብሎ ስኒውን ያነሣል። 260 ሰከንድ ማለት 4 ደቂቃ ከ20 ነው። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ወረቀት ላይ ደምሬ ሳገኘው ምድር ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ዘበኛው ምን ሆነች ብሎ ሮጦ መጣ። አቅፌው ነበር።

ዋናውን ስዊች ጠያቂ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። ለዚህ አንድ ሰው «ጎበዝ» አላለኝም። ከዘበኛው በቀር።

አሁን ወደ ዛሬ ልመለስ።

ሕዝቡ እየጮኸ፣ ባለቤቱ ቆመው እያዩኝ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሌላው ፎቅ ሁሉ አረንጓዴ ነው። 4ኛ ፎቅ ብቻ፣ የባሩ 9 እና የክፍሎቹ 12፣ ቀይ። አንዱ ስክሪን ላይ ሴቲንግ ገብቼ አድራሻውን አየሁ። እኔ የሰጠኋቸው አድራሻ በ10 ነው የሚጀምረው። ይሄኛው በ192.168 ይጀምራል። እኔ ያልሰጠሁት አድራሻ! ሌላ ሰው ፎቁ ላይ ሆኖ የቤት ቁጥር ያድላል ማለት ነው።

«እዚህ ፎቅ ላይ ሰሞኑን የተሰካ ዕቃ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምንም የለም!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሰበብ አትፈልጊ።»

ሰበብ! እሺ ብዬ ገመድ ለገመድ ተከተልኩ። ጨዋታው ተጀምሯል፤ ሰው በስልኩ እያየ «ጎል!» ሲል ሌላው እኔን ይሳደባል። ኮሪደሩን ጨርሼ ስፓ ውስጥ ገባሁ። ከፎጣው መደርደሪያ ኋላ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የቤት ራውተር። የእኔ ቲቪ መስመር ላይ የተሰካ።

ማን ሰካው? የእህታቸው ልጅ።

ተጠርቶ መጣ። «ዋይፋይ ደካማ ነው ስላሉኝ ሐሙስ ዕለት ሰካሁት» አለ። እሱን እንኳን አልፈርድበትም፣ ልጅ ነው፣ አልተማረውም። ባለፈው ወር የዚህ ፎቅ ስዊች ሲቃጠል «ርካሽ አግኝቻለሁ» ብሎ ሌላ የገዛው እሱ መሆኑ ግን አንጀቴን አቃጠለኝ። በሌሎቹ ፎቆች ያስገባሁት ስዊች እንዲህ ያለውን እንግዳ ራውተር አፉን ይዘጋዋል። የተገዛው ርካሽ ስዊች ግን ይህን አያውቅም። ያን ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቄ ነበር፤ መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ። ተነቧል፣ አልተመለሰም።

«ሐሙስ ከተሰካ ለምን እስከ ዛሬ ሠራ ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እንደረታኝ ሁሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ግን ለመስማት አልቆመም። ቲቪዎቹ እስከ ዛሬ የድሮ አድራሻቸውን ይዘው ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ጠፉ። ጀነሬተር ሲነሣ ሁሉም በአንዴ «አድራሻ ስጡን» ብለው ጮኹ። አድራሻ የሚያድለው የእኔ ሰርቨር ምድር ቤት ነው፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዙለት ብዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄ እምቢ የተባልኩበት፣ ተነሥቶ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ያቺ ትንሽ ራውተር ቶሎ ትነሣለች። ቀድማ መለሰች፣ የተሳሳተ ቁጥር አደለች። ዩፒኤሱ ቢገዛ ኖሮ ዛሬ እናቴ ቤት እራቴን እበላ ነበር።

ራውተሩን ነቀልኩ። ቲቪዎቹ የተሳሳተ አድራሻ ስለያዙ ከኮንትሮለሩ ላዛቸው አልችልም። ስለዚህ የፎቁን ብሬከር አውርጄ መልሼ አነሣሁት። ቆሜ ላፕቶፑን አየሁ። አንዱ አረንጓዴ ሆነ። ሦስት። ዘጠኝ። ሃያ አንድ! ባሩ ውስጥ ጨዋታው ብቅ አለ፣ ሕዝቡ ጮኸ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰከንድ ሁሉንም ይቅር ብያቸው ነበር። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ሲበራ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ባለቤቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሰው ፊት፣

«አየሽ? ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነበር!» አሉ።

ማጥፋትና ማብራት ብቻ!

ገመዱን መከተሉን አላዩም። አድራሻውን ማንበቤን አላዩም። ፎጣ ውስጥ መግባቴን አላዩም። ያዩት እጄ ብሬከር ላይ ሲያርፍ ነው። ሥራ አስኪያጁም «ይህን ለማድረግ ነው እንግዲህ ይህን ያህል ገንዘብ የምንከፍለው» አለ። የትኛውን ገንዘብ? ቀሪ ክፍያዬ ከተረካከብን 4 ወር ሊሞላው ነው! ስደውል «ፋይናንስ ጋ ነው» ይባላል። ፋይናንስ ስሄድ «ፊርማ ይቀረዋል» ይባላል። ፈራሚው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ራሱ ሥራ አስኪያጁ።

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ታክሲ ውስጥ አሥር መልስ መጣልኝ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያምር። እዚያ ግን ጉሮሮዬ ተዘግቶ «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። እሺ ጋሼ! ይህ ነው ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ። ረዳቴ ደውሎ «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ባሩ ይፈርስ ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቦርሳዬን አሁን ስከፍት ክሪምፐሬ፣ የገመድ ጫፍ ማሰሪያ ጉጠቴ፣ የለም። ስፓው ውስጥ፣ ፎጣው መደርደሪያ ላይ ትቼዋለሁ። ነገ 4 ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ሥራ አለኝ፣ ያለ እሱ ደግሞ አንድ ገመድ ማሰር አልችልም። ጠዋት ተመልሼ እዚያው እሄዳለሁ።