ቆሞ የሚስቀውን ልጅ ማን አሳደገው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ ላይላችሁ ይችላል። በትምህርት ቤት ልጆች እርስ በርስ ስለሚያደርሱት ማሸማቀቅ፣ ማግለልና ድብደባ ሲወራ ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን "ልጄን ማን ነካብኝ?" የሚለው ነው። "የእኔ ልጅስ ማንን ነካ? ሌላው ሲነካ ቆሞ ምን አደረገ?" ብለን ግን አንጠይቅም።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቹ ተጠቅቷል። ከሦስት አንዱ! ይህን ሁሉ ልጅ የሚያስለቅሱት ከየትም የመጡ አይደሉም። ጠዋት ፊታቸውን አጥበን፣ ምሳቸውን ቋጥረን የምንልካቸው የእኛው ልጆች ናቸው።

ደግሞ ጉልበተኛ ያለ ተመልካች አይበረታም። ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ልጆች በእረፍት ሰዓት የሚያደርጉትን በካሜራ ቀርጸው አይተው ነበር። አብዛኛው ጥቃት የሚፈጸመው ሌሎች ልጆች ቆመው እያዩ ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ ጣልቃ ሲገባ ግን፣ ከግማሽ በሚበልጠው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ፊንላንድም "ኪቫ" የተባለውን፣ በትምህርት ቤት ማሸማቀቅን የሚከላከለውን ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ስታስፋፋ ትኩረቷን የጣለችው ቆመው በሚያዩት ልጆች ላይ ጭምር ነው። ልጁ ይደባደብ አላልኩም። የተነካውን "ና፣ እንሂድ" ብሎ ይዞት ዞር ቢል፣ አጠገቡ ቢቀመጥ፣ ለመምህር ቢናገር ይበቃል።

እኛ ግን ይህን እንዳያደርግ አድርገን ነው የምናሳድገው። "አንተ ምን አገባህ?" እንለዋለን። ሲናገር "አሳባቂ" እንለዋለን። የተጎዳውን ደግሞ "ተመተህ እንዳትመጣብኝ!" ብለን እናስፈራራዋለን፤ ከዚያ በኋላ ቢመታም አይነግረንም፣ ለምን ይነግረናል? ቤት ውስጥስ ስለ ሰው ቁመት፣ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ አካል ጉዳቱ ስንቀልድ የሚሰማን ማን ነው? አንድ ልጅ ሲዋረድ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልካችን ላይ ሲመጣ እየሳቅን ለሌላ የምንልክ እኛ አይደለንም እንዴ? ድሮ የተሸማቀቀ ልጅ ቤቱ ሲገባ ቢያንስ ያርፍ ነበር፤ ዛሬ ስድቡ በስልኩ ተከትሎት አልጋው ድረስ ይገባል።

መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣ እናንተም ስሙኝ። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አቁማችሁ "በሉ ታረቁ፣ ተጨባበጡ" የምትሉት ነገር ይብቃ። ዳን ኦልቬየስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሲያጠና ከተራ ጠብ የለየበት ምክንያት አለው፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ ደግሞም አንደኛው አቅም የለውም። ታዲያ እኩል ያልሆኑ ልጆችን እንደ እኩል ጠበኞች ስታስታርቁ፣ ደካማው በፍርሃት እጁን ይዘረጋል፣ ጉልበተኛው ደግሞ ምንም እንደማይደርስበት አውቆ ይወጣል። ነገ መጸዳጃ ቤት ጋ ጠብቆ "ተናገርክ አይደል?" ይለዋል። ለየብቻ አነጋግሯቸው። ከሳምንት በኋላም፣ ከወር በኋላም ልጁን ጠርታችሁ "እንዴት ሆነልህ?" በሉት። መምህር የማይታይበትን ጥግ ልጆቹ ያውቁታልና ጠይቋቸው፣ በእረፍት ሰዓትም እዚያ ቁሙ። አጥፊውን መግረፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጠንካራው ደካማውን መምታት እንደሚችል ያረጋግጥለታል እንጂ ሌላ ምንም አያስተምረውም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ በትምህርት ቀን ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ካበዛ፣ ደብተሩ ከተቀደደ፣ የጓደኛ ስም መጥራት ከተወ ቶሎ አትቆጡ። ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ዛሬ ማታ ደግሞ ሁላችሁም ልጆቻችሁን "ክፍላችሁ ውስጥ ብቻውን የሚቀመጠው ማነው? ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የእናንተ ልጅ እጅ እንዳለበት ካሳየ "የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም" ብላችሁ አትከራከሩ። ነገ ጠዋት ይዛችሁት ትምህርት ቤት ሂዱና ለመምህሩ ራሳችሁ ንገሩ።